ሰሌዳና እርሳስ

ስሙ ቤተ ሳይዳ ነው፣ ከወንጌል የመጣ፤
ጠበሉ ግን ዝናብ ነው፣ ዓመት ሙሉ ጣጣ።
መልአክ አይወርድበት፣ ድዉይ አይድንበት፤
የተላጠ ተራራ ቆሟል ከጀርባው ቤት።
በዌልስ ሰሜን ጫፍ፣ በዚህች ጠባብ መንደር፣
ኢድዋል ጣራ ያለብሳል፤ እኔ፣ ተሸክሜ ልማር።

ኤምሪስ ለእናቱ ክፍል ቀጠለላት፣
ደረጃው ቢከብዳት፣ ጉልበቷ ቢዝልባት፤
አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ የሚበቃት።

ግድግዳው አለቀ፤ የጣራው ተራ ደረሰ።
«ዋናው ቤት» አለ ኤምሪስ «ሰሌዳ ድንጋይ ነው የለበሰ፤
ቅጥያውም እሱን ይልበስ፣ ሐምራዊውን፣ የአገሩን፤
እንጀራ ልጅ አይምሰል፣ ይምሰል እንጂ እናቱን።»

ቴግወን ግን ከወንበሯ፣ ሳትነሣ፣ ሳትቆጣ፣
«ቆርቆሮ ነው የምሻው፤ ያንኳኳ ሲዘንብ፣ እንግዳ እንደመጣ።
ድንጋይ ዝም ይላል። ዝናቡን ይውጠዋል።
አባቴም ዝም አለ፤ ድምፁን አቧራው በልቶታል።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ተራራ ሲፈለፍል፣
ሳንባው ውስጥ ገብቶ ቀረ ከተራራው አንድ ክፍል።
ሰማንያ ዓመት ተኛሁ፣ ገዳዩን ሽቅብ አንጋጥጬ፤
የመጨረሻዬን እንኳ ልደር ቆርቆሮ መርጬ።»

ኤምሪስ አቀረቀረ። ኢድዋል ጺሙን አከከ።
ዝናቡ እንደ ልማዱ፣ ማንም ሳይጠራው ሰበከ።

የመንደሩ ሹም ግን ወረቀት ልኮ ነበር፦
«ቆርቆሮ አይፈቀድም፤ የሰፈሩ መልክ ይከበር።»
ሕግ ገላገለን። ወይም ገላጋይ መሰለን።

ከፈረሰ ጸሎት ቤት አሮጌ ሰሌዳ ገዝተን፣
አመጣነው በገለባ፣ እንደ እንቁላል ለይተን።
የድንጋዮቹ መጠን የማዕረግ ስም አለው፦
እቴጌ፣ ልዕልት፣ እመቤት እያለ ነው የሚወርደው።
እቴጌ በዓይኑ ሳያይ፣ በድህነቱ ታስሮ፣
ስንቱ ጭኑ ላይ አስደግፎ ሰነጠቃት በመሮ!

ኢድዋል እያንዳንዱን ከመስቀሉ በፊት
በጣቱ አንጓ ይመታል፣ ጆሮውን ጥሎበት።
ጤነኛው ይጮኻል፣ እንደ ደወል ጠርቶ፤
ስንጥቁ ያጉተመትማል፣ እንደ ሰው አኩርፎ ተኝቶ።

ቴግወን ሁለት ቀን ዘጋችን፣ መጋረጃ ጋርዳ፤
በሦስተኛው ጮኸች፦ «ያቺ እንዳትወጣ! ያቺ ዕዳ!
አልሰማህም እንዴ? መሀሏ ላይ ትታፈናለች፤
በመጀመሪያው ውርጭ ለሁለት ትከፈላለች።»

ኢድዋል ደግሞ መታት። እኔም መታሁ። ምንም።
ለእኛ ጆሮ ደወል ናት፤ እንከን የላትም።
ውኃ አፍስሰን አየን፦ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣
ከጥግ እስከ ጥግ እርጥብ መስመር፣ ቀስ ብላ ታየች።

ከዚያ ወዲያ ወንበሯ ወጣ፣ ከመሰላሉ ታች፤
እያንዳንዱን ቀድማ እሷ በጣቷ መታች፣
አባቷ እንዳስተማራት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች።
«አለፈች። አለፈች። ይቺ ትቅር። አለፈች።»
ይህን ያህል ብቻ ነው ቀኑን ሙሉ ያወራች።
ቆርቆሮውን አላነሣችም። ታርቃለችም አልልም።

አሮጌው ጣራና አዲሱ በሚገናኙበት፣
ውኃ እንዳይሰርቅ ኢድዋል እርሳስ ዘረጋበት፣
ለስላሳ፣ ግራጫ፣ በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ፤
ሰሌዳ ከላይ፣ ሰሌዳ ከታች፣ መሀል እርሳስ ተቀምጦ።
«ማን ይጻፍ ታዲያ?» አልኩ ለቀልድ። ማንም አልሳቀልኝ።
ከመሰላሉ ጫፍ ላይ እጄን ውርጩ በላኝ።

ያቺን ስንጥቅ ልጥላት ሳነሣ፣ ቴግወን ጠራችኝ፦
«ከመስኮቴ ሥር፣ አሸንዳው ከሚያንጠባጥብበት አኑርልኝ።»

ሌሊቱን ዘነበ። ጣራው እንደ ወጉ ዋጠ።
ከታች ግን፣ ከአሸንዳው ጠብታ እያመለጠ፣
ያቺን ስንጥቅ ሲመታት፣
ደፈን ባለ ድምፅ፣ እንደ ሽማግሌ ሳል፣ ስታወራ ነው ያደረች።
ጠዋት መሰላሌን ላነሣ ስሄድ፣
ቴግወን መስኮቱን ከፍታ ተኝታለች።